ፋፍሳ «ራሱን የቻለ» የሚለው የትኛውን ተማሪ ነው?

ለወላጆች፣ ለአሳዳጊ ዘመዶችና ለተማሪዎች የቀረበ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ።

ፋፍሳ የአሜሪካ ፌደራል መንግሥት ለኮሌጅ ተማሪ የሚሰጠው እርዳታና ብድር የሚጠየቅበት ነጻ ማመልከቻ ነው። ይህን አብዛኞቻችሁ ስለምታውቁ ወደ ጠቅላላው ነገር አንገባም። የዛሬው ጉዳያችን ማመልከቻው ውስጥ ያለች አንዲት አጭር ክፍል ናት። ክፍሏ ተማሪውን ስለ ዕድሜው፣ ስለ ትዳሩ፣ ስለ ልጆቹና ስለ አስተዳደጉ ትጠይቀውና ወይ «ጥገኛ» ወይ «ራሱን የቻለ» ብላ ትመድበዋለች። ጥገኛ ከተባለ የወላጆቹ ገቢና ንብረት ይጠየቃል። ራሱን የቻለ ከተባለ የሚታየው የእሱ ብቻ ነው፤ ካገባ ደግሞ የእሱና የባለቤቱ።

እዚህች ክፍል ላይ ሁለት ስሕተቶች ይደጋገማሉ። አንደኛው፣ ተማሪው ሠርቶ ስለሚያድር ብቻ ራሱን የቻለ ነኝ ብሎ መሙላቱ ነው። ሁለተኛው የባሰ ነው። እናትና አባቱ አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ያሉ፣ እዚህ አክስቱ ቤት የሚኖር ልጅ የወላጅ ጥያቄ ላይ ሲደርስ «እኔ እዚህ ወላጅ የለኝም» ብሎ ማመልከቻውን ጥሎ ይወጣል። የመጀመሪያውን ስሕተት ኮሌጁ ሰነድ ሲጠይቅ ያገኘዋል፤ ይታረማል። ያልተላከ ማመልከቻን ግን የሚያርመው የለም።

የምደባው ሕግ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1965 ከወጣው የአሜሪካ የከፍተኛ ትምህርት ሕግ ነው። የሕጉ አስተሳሰብ የኮሌጅ ወጪን ቀድሞ መሸከም ያለበት ቤተሰብ ነው፣ መንግሥት የጎደለውን ይሞላል የሚል ነው። ልጁ «ራሴን ችያለሁ» በማለቱ ብቻ የወላጅ ገቢ የሚቀር ቢሆን ኖሮ ደህና ገቢ ያለው ቤተሰብ ሁሉ ልጁን እንደዚያ ያስብለው ነበር። ስለዚህ ሕጉ ኑሮን አይመዝንም፤ በወረቀት የሚረጋገጥ ነገር ይፈልጋል፦ የልደት ቀን፣ ጋብቻ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ የውትድርና መዝገብ። ለብቻ መኖር፣ ኪራይ መክፈል፣ ታክስን በራስ መሙላት፣ ወላጅ በታክሱ ላይ ልጁን አለማስገባቱ፣ እነዚህ ሁሉ ተደምረው እንኳ አንድን ተማሪ ራሱን የቻለ አያደርጉትም። የታክስ መሥሪያ ቤቱ «ጥገኛ» የሚለውና ፋፍሳ «ጥገኛ» የሚለው በየራሳቸው ሕግ የሚሄዱ ናቸው። የስቴት ነዋሪ ሆኖ በአነስተኛ ክፍያ ለመማር የሚጠየቀው መስፈርት ደግሞ ሦስተኛ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው እየተረጎሙ መሙላት አያዋጣም።

አሁን መስፈርቶቹን እንያቸው። ከእነዚህ አንዱ እንኳ እውነት ከሆነ ተማሪው ራሱን የቻለ ነው።

ቀላሉ ዕድሜ ነው። ለ2026–27 የትምህርት ዓመት ከጃንዋሪ 1 ቀን 2003 በፊት የተወለደ ተማሪ ራሱን የቻለ ነው፤ ሌላ ጥያቄ የለም። «በፊት» የምትለዋን አጥብቃችሁ ያዟት። በስደት የመጡ ብዙ ሰዎች ትክክለኛው ቀን ስላልታወቀ የልደት ቀናቸው በወረቀት ላይ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተመዝግቧል። ወረቀቱ ጃንዋሪ 1 ቀን 2003 የሚል ተማሪ በአንዲት ቀን ምክንያት ለዚያ ዓመት በዕድሜ አያልፍም፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን ያልፋል። ያ ቀን በኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 1995 ዓ.ም ነው። ቀኑን ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ገልብጣችሁ የምትሞሉ ካላችሁ ደግሞ የሚሞላው በሶሻል ሴኩሪቲና በኢሚግሬሽን ወረቀት ላይ ያለው ቀን እንጂ እናት የምታስታውሰው ቀን አይደለም። ሁለቱ ካልተመሳሰሉ ማመልከቻው መረጃ በሚያመሳክረው ሥርዓት ላይ ይቆማል።

ጋብቻ ሁለተኛው ነው። የሚታየው ማመልከቻው በሚፈረምበት ቀን ያለው ሁኔታ ነው። ሽማግሌ ተልኳል፣ ቀለበት ታስሯል፣ ሠርጉ ለፋሲካ ማግስት ተቆርጧል፤ ይህ ሁሉ ገና ጋብቻ አይደለም። በሌላ በኩል ጋብቻው በተፈጸመበት አገር ሕግ የጸና ከሆነ ይበቃል። የኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖትና በባህል የተፈጸመን ጋብቻ ሦስቱንም ያውቃል፤ ስለዚህ አገር ቤት በተክሊል ወይም በኒካህ የተጋባ ተማሪ ማስረጃውን አስተርጉሞ ማቅረብ ይችላል። ፋፍሳ ከተላከ በኋላ የተጋባ ተማሪ ግን በራሱ ገብቶ መልሱን መቀየር አይችልም። ይህን የሚፈቅደው ወይም የሚከለክለው የኮሌጁ የገንዘብ እርዳታ (ፋይናንሻል ኤድ) ቢሮ ነው። ለእርዳታ ሲባል ለመጋባት የምታስቡ ካላችሁ ደግሞ የባለቤትም ገቢ አብሮ እንደሚቆጠር አትርሱ።

የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪ በቀጥታ ራሱን የቻለ ነው። በአሜሪካ ጦር ውስጥ በመደበኛ አገልግሎት ላይ ያለ ወይም አገልግሎ፣ ያለ ክብር ሳይባረር የተሰናበተም እንዲሁ። ለሥልጠና ብቻ የተጠራ የሪዘርቭ ወይም የናሽናል ጋርድ አባል ግን አይገባም።

ልጆችና ሌሎች የሚተዳደሩ ሰዎችን የሚመለከተው መስፈርት ላይ ትንሽ እንቆይ፤ እኛን የሚያሳስት ነገር አለውና። ተማሪው ከእሱ ጋር የሚኖሩና ከመተዳደሪያቸው ከግማሽ በላይ ከእሱ የሚያገኙ ልጆች ወይም ሌሎች ሰዎች ካሉት ራሱን የቻለ ነው። ሁለቱም መሟላት አለባቸው። አንዲት ተማሪ ወልዳ፣ ነገር ግን እሷም ሕፃኑም በእናቷ ቤት በእናቷ ገንዘብ የሚኖሩ ከሆነ ከግማሽ በላይ የሚያወጣው ሌላ ሰው ስለሆነ መስፈርቱን አታሟላም። በየወሩ ለእናቱ ወይም ለታናናሾቹ አገር ቤት ገንዘብ የሚልክ ተማሪም በዚህ አይገባም። የሚልከው ገንዘብ የቤተሰቡ ብቸኛ መተዳደሪያ ቢሆን እንኳ አብረውት አይኖሩም። ይህ ፍትሐዊ ነው ወይ ብትሉ፣ አይደለም ብለን እናምናለን፤ ቅጹ ግን እንዲህ ነው የሚለው።

ቀጥሎ ያለው ከ13 ዓመት ዕድሜ ወዲህ ያለውን የአስተዳደግ ታሪክ ይጠይቃል። ተማሪው 13 ዓመት ከሞላው በኋላ ባለ በማንኛውም ጊዜ ሁለቱም ወላጆቹ በሕይወት ያልነበሩ ከሆነ፣ በመንግሥት ማሳደጊያ ሥርዓት ውስጥ የነበረ ከሆነ፣ ወይም ፍርድ ቤት በኃላፊነት የያዘው ልጅ ከነበረ ራሱን የቻለ ነው። ወላጆቹ በ5 ዓመቱ ሞተው ከሆነስ? በ13 ዓመቱም በሕይወት ስላልነበሩ መስፈርቱ ተሟልቷል። አንደኛው ወላጅ ብቻ ከሞተ ግን አይደለም፤ በሕይወት ያለው ወላጅ መረጃ ይጠየቃል። ኮሌጁ የሞት ማስረጃ ሲጠይቅ ደግሞ ችግር ይመጣል፤ በኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም መጨረሻ ላይ ነው፣ ከዚያ በፊት የሞተ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ምስክር ወረቀት የለውም። ዘመድ በምስክር አስረድቶ ከቀበሌ ወይም ከፍርድ ቤት ወረቀት እንዲያወጣ በጊዜ ላኩ፤ በእንግሊዝኛም አስተርጉሙት። ኦገስት ላይ ሲጠየቅ ለመጀመር ከታሰበ ሴሚስተሩ ያልፋል።

አሁን ወደ አክስትና አጎት ቤት እንምጣ። ልጁን ከ10 ዓመቱ ጀምራ ያሳደገችው አክስቱ ናት። ትምህርት ቤት ያስመዘገበችው፣ ሐኪም ቤት የወሰደችው፣ በታክሷ ላይ ያስገባችው እሷ ናት። ፋፍሳ ግን አክስትን ወላጅ አይልም። አያት፣ አጎት፣ ታላቅ ወንድም፣ የክርስትና አባት፣ ማንም አይደለም። ወላጅ የሚባለው የወለደ ወይም በጉዲፈቻ በሕግ የተቀበለ ነው፤ ከወላጅ ጋር የተጋባ እንጀራ አባት ወይም እንጀራ እናትም ይጨመራል። ስለዚህ አክስት «ወላጅ» በሚለው ቦታ ገብታ ፈርማ ከሆነ ማመልከቻው የተሳሳተ ነው፤ መታረም አለበት። ቤት ኪራዩን የምትከፍለው አክስት ናት ተብሎ የሚቀነስ ነገር የለም፤ ዘመድ ለተማሪው የሚሰጠው ገንዘብ ቀድሞ ይጠየቅ ነበር፣ ከ2024–25 ጀምሮ ቀርቷል።

አክስት በፍርድ ቤት የሕግ ሞግዚት ሆና የተሾመች ከሆነስ? ያኔ ነገሩ ይገለበጣል። ተማሪው ራሱን የቻለ ይሆናል፤ የወላጆቹም የአክስቱም ገቢ አይጠየቅም። ልብ በሉ፣ ሞግዚቷም ገቢዋን አታስገባም። ነገር ግን ፍርድ ቤቱ ተማሪው ነዋሪ የሆነበት የአሜሪካ ስቴት ፍርድ ቤት መሆን አለበት። ወላጆች አዲስ አበባ ላይ በውልና ማስረጃ የሰጡት ውክልና የሞግዚትነት ትእዛዝ አይደለም። የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት የሰጠው ሞግዚትነትም ለዚህ ጥያቄ አያገለግልም። የስቴቱ ትእዛዝ ራሱ ልጁን ይዞ የማሳደግ መብት ብቻ የሚሰጥ ከሆነና ሞግዚትነት የሚል ቃል ከሌለበት መልሱ «አይደለም» ነው። ወረቀቱን አንብቡት፤ «ፍርድ ቤት ሄደናል» ማለት አይበቃም። ልጁ ገና ለአካለ መጠን ያልደረሰ ከሆነና ወላጆቹ በእውነት ሊያሳድጉት የማይችሉ ከሆነ ጠበቃ አማክሩ፤ 18 ከሞላ በኋላ ይህ በር በብዙ ስቴቶች ይዘጋል። ለአካለ መጠን ሳይደርስ በፍርድ ቤት ከወላጅ ሥልጣን ነጻ የወጣ ልጅም በዚሁ መደብ ውስጥ ነው።

የመጨረሻው መስፈርት መጠለያ የሌለውንና ከወላጅ ጋር የማይኖረውን ወጣት ይመለከታል። ለ2026–27 ከጁላይ 1 ቀን 2025 ወዲህ ያለው ጊዜ ነው የሚታየው። መጠለያ የለውም ለመባል መንገድ ላይ ማደር አያስፈልግም፤ የሚሄድበት አጥቶ ዛሬ ጓደኛ ቤት ነገ ዘመድ ቤት ሶፋ ላይ የሚያድርም ይገባል። ይህን የሚያረጋግጠው የትምህርት ቤቱ የቤት አልባ ተማሪዎች ተጠሪ፣ የመጠለያ ማዕከል ኃላፊ፣ ትሪዮ የሚባለው የተማሪዎች ድጋፍ ፕሮግራም ወይም ራሱ የፋይናንሻል ኤድ ቢሮው ነው።

ከእነዚህ አንዱም ካልተገኘ ተማሪው ጥገኛ ነው፤ የወላጅ መረጃ ያስፈልጋል። የኛ ልጆች አብዛኞቹ እዚህ ስለሚያርፉ ሰፋ አድርገን እንየው።

የትኛው ወላጅ? ተጋብተው የሚኖሩ ከሆነ ሁለቱም። አባት አዲስ አበባ እናት ሜሪላንድ ሆነው፣ ግን ትዳራቸው ያልፈረሰ ከሆነ፣ ርቀት መለያየት አይባልምና ሁለቱም ይቆጠራሉ። ሳይጋቡ አንድ ቤት የሚኖሩም ሁለቱም ይገባሉ። የተፋቱ ወይም በእውነት የተለያዩ ከሆነ የሚገባው ባለፉት 12 ወራት ለልጁ ብዙውን ወጪ የቻለው ወላጅ ነው። ቀድሞ የሚታየው ልጁ የሚኖረው ከማን ጋር ነው የሚለው ነበር፤ ይህ ከ2024–25 ወዲህ ተቀይሯል። ወጪውን እኩል ከተካፈሉ ገቢውና ንብረቱ የሚበልጠው ወላጅ ይገባል። ያ ወላጅ ሌላ ሰው አግብቶ ከሆነ የአዲሱ ባለቤት መረጃም ይጨመራል።

መረጃውን የሚሰጥ ወላጅ በቅጹ አጠራር «ኮንትሪቢዩተር» ይባላል። ስሙ አስደንግጦት «እኔ ምን ልከፍል ነው?» የሚል ወላጅ ብዙ ነው፤ መፈረሙ ለመክፈል ግዴታ አያስገባውም። የራሱን መለያ ስቱደንትኤይድ ነጥብ ጎቭ ላይ ይከፍታል፤ መለያው በራሱ ኢሜይል መከፈት አለበት፣ አንድ ኢሜይል ለልጅና ለወላጅ አያገለግልም። ከዚያ ልጁ በዚያ ኢሜይል ይጋብዘዋል፤ ወላጁ ገብቶ የታክስ መረጃው በቀጥታ ከታክስ መሥሪያ ቤቱ እንዲመጣ ፈቃዱን ይሰጣል፤ ይፈርማል። ፈቃዱ ከሌለ ልጁ ከፌደራል እርዳታ ምንም አያገኝም። ታክስ ያልሞላ ወላጅም፣ በሌላ አገር ታክስ የሚከፍል ወላጅም ይህን ፈቃድ ይሰጣል። ወላጆች አብረው ታክስ የሚሞሉ ከሆነ አንዳቸው ብቻ መለያ መክፈታቸው ይበቃል፤ ለየብቻ የሚሞሉ ከሆነ ሁለቱም ይከፍታሉ።

አገር ቤት ያለ ወላጅም ይህንኑ ያደርጋል። ሶሻል ሴኩሪቲ የለውምና መለያውን ሲከፍት «ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የለኝም» የሚለውን ይመርጣል። የወላጅ የኢሚግሬሽን ሁኔታ የልጁን መብት አይነካም፤ ዜጋ፣ ግሪን ካርድ ያለው ወይም ሌላ ብቁ ሁኔታ ያለው መሆን የሚገባው ተማሪው ነው። በኢንተርኔት አልሆን ካለ የወረቀት ፋፍሳ አለ፤ ወላጁ በእጁ ፈርሞበት በፖስታ ይላካል። ቀርፋፋ ነው፣ ግን ይሠራል።

ገቢው በብር ነው እንበል። ለ2026–27 የሚታየው የ2024 ገቢ ነው። ወደ ዶላር የሚመነዘረው ግን ማመልከቻው በሚሞላበት ዕለት ባለው ምንዛሬ ነው እንጂ በ2024ቱ አይደለም። ይህ ትልቅ ልዩነት ያመጣል፤ ብር በጁላይ 2024 መጨረሻ በገበያ እንዲወሰን ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር ወደ 57 ብር ገደማ ነበር። በዓመት 300,000 ብር የሚያገኝ አባት በዚያ ዋጋ ከ5,200 ዶላር በላይ ሊሆንበት ነበር፤ በሚሞላበት ዕለት ምንዛሬው ለምሳሌ 150 ብር ቢሆን 2,000 ዶላር ነው። ቀኑንና የተጠቀማችሁበትን ምንዛሬ ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ ኮሌጁ ሊጠይቅ ይችላል። ደመወዝተኛ ከሆነ የመሥሪያ ቤቱን የደመወዝ ደብዳቤ፣ ነጋዴ ከሆነ የገቢዎች ክሊራንሱን አስልካችሁ በእጃችሁ ይኑር። የሚኖሩበት ቤት አይቆጠርም፤ የሚያከራዩት ሁለተኛ ቤት ግን ንብረት ነው፣ ይገባል።

ወላጅን ማግኘት የማይቻል ከሆነስ? ማመልከቻው ላይ «ያልተለመደ ሁኔታ» የሚል ጥያቄ አለ። ሕጉ በስም የሚጠራቸው አራት ናቸው፦ የሰዎች ዝውውር ሰለባ መሆን፣ በሕግ የተሰጠ የስደተኝነት ወይም የአሳይለም ሁኔታ፣ ወላጅ ልጁን መጣሉ ወይም ጨርሶ መለያየታቸው፣ የተማሪው ወይም የወላጅ መታሰር። ዋናው ሐሳብ ተማሪው ወላጁን ማግኘት አለመቻሉ ወይም መገናኘቱ ለአደጋ የሚያጋልጠው መሆኑ ነው። በጦርነት ተፈናቅለው ያሉበት የማይታወቅ፣ ያለ ፈቃዷ ለባል ልትሰጥ ስትል አምልጣ የመጣች ልጅ ወላጆች፣ ልጁን ካባረረ ዓመታት ያለፉት አባት፣ እነዚህ እዚህ ይገባሉ። ወላጆቹ ናዝሬት ተቀምጠው በየሳምንቱ በቴሌግራም የሚያነጋግሩት ልጅ ግን፣ አሳይለም ቢሰጠውም፣ «ማግኘት አልችልም» ማለት አይችልም።

«አዎ» ያለ ተማሪ የወላጅን ክፍል ሳይሞላ ማመልከቻውን ይልካል፤ ለጊዜው ራሱን የቻለ ተብሎ ግምታዊ ስሌት ይደርሰዋል። ብዙዎች እዚህ ጋ ተጠናቀቀ ብለው ይቀመጣሉ። አልተጠናቀቀም። የሚወስነው ኮሌጁ ነው፤ ተማሪው ራሱ ቢሮውን አነጋግሮ ማስረጃ ማቅረብ አለበት። ማስረጃው ከቢሮው ጋር የተደረገና በጽሑፍ የሰፈረ ቃለ መጠይቅ፣ የፍርድ ቤት ሰነድ፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ወይም የጠበቃ ደብዳቤ፣ የጥቃት ሰለባዎችን የሚረዳ ድርጅት ጽሑፍ፣ ከወላጅ ተለይቶ መኖርን የሚያሳይ የመብራት ቢል ወይም የጤና ኢንሹራንስ ወረቀት ሊሆን ይችላል። የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ አባቶች ደብዳቤም እንደ ተጨማሪ ይጠቅማል፤ ግን «ጥሩ ልጅ ነው» የሚል ደብዳቤ ምንም አያደርግም። ጸሐፊው ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቀው፣ ስለ ወላጆቹ ሁኔታ ምን እንደሚያውቅና እንዴት እንዳወቀ ይጻፍ። ኮሌጁ ተማሪው ትምህርት ከጀመረ በ60 ቀን ውስጥ መወሰን አለበት፤ የሚቀርበውን ጥያቄ ሁሉ በጅምላ እምቢ የማለት ፖሊሲ ሊኖረው አይችልም። ነገር ግን ውሳኔው የመጨረሻ ነው፤ ወደ አሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር ይግባኝ የለም። ከተፈቀደ፣ ሁኔታው ካልተለወጠ በቀር፣ እዚያው ኮሌጅ ውስጥ በሚቀጥሉት ዓመታትም ይጸናል።

ወላጅ አለ፣ ይገኛል፣ ግን «ገቢዬን ለማንም አልናገርም» ብሎ እምቢ ካለ ያልተለመደ ሁኔታ አይባልም። ለእንዲህ ዓይነቱ ተማሪ ቅጹ ላይ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ኮሌጁ ከተቀበለው ወለዱ ከመጀመሪያው የሚቆጠር የፌደራል ብድር ብቻ ያገኛል። በመጀመሪያው ዓመት ከፍተኛው 5,500 ዶላር ነው። ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለሰው የፌደራል እርዳታ የለም። ስለዚህ አባትን ለማግባባት አንድ ወር መድከም ያዋጣል። ባለቤቱ ገቢውን እንዳታውቅ የሚፈልግ ወላጅ ካለ፣ በራሱ መለያ ስለሚሞላ ልጁም ሆነ ሌላኛው ወላጅ የታክስ ቁጥሩን ማየት እንደማይችሉ ንገሩት።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ራስን የቻለ መባል ሁልጊዜ ትርፍ ነው የሚለው እምነት እውነት አይደለም። ብድሩ ላይ እውነት ነው፤ ጥገኛ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት 5,500፣ በሁለተኛው 6,500፣ ከሦስተኛው ጀምሮ 7,500 ዶላር ይበደራል። ራሱን የቻለው 9,500፣ 10,500 እና 12,500። በጠቅላላው ለመጀመሪያ ዲግሪ 31,000 እና 57,500 ነው። ግን ብድር ተከፋይ ነው፤ ብዙ መበደር መቻል እርዳታ አይደለም።

ፔል ግራንት ላይ ነገሩ ሊገለበጥ ይችላል። ሙሉው ፔል 7,395 ዶላር ነው። ጥገኛ ተማሪ በቀጥታ ሙሉውን የሚያገኘው የወላጆቹ የተስተካከለ ጠቅላላ ገቢ ከድህነት መስመሩ 175 በመቶ ካልበለጠ ነው፤ ወላጁ ለብቻው የሚያሳድግ ከሆነ እስከ 225 በመቶ። ለ2026–27 በ2024ቱ መስመር ሲሰላ አምስት ሰው ላለበት ባልና ሚስት ቤት 64,015 ዶላር ይደርሳል። ሦስት ልጆች ለብቻዋ ለምታሳድግ እናት 70,200። ብቻውን የሚኖርና ልጅ የሌለው ራሱን የቻለ ተማሪ ግን ጣሪያው 26,355 ነው። እንግዲህ የ23 ዓመት ወጣት በመጋዘን ሠርቶ 35,000 ዶላር ቢያገኝ፣ ወላጆቹ ደግሞ አምስት ሆነው በ60,000 ቢኖሩ፣ ጥገኛ ሆኖ ሙሉ ፔል ያገኛል፤ በ24 ዓመቱ ራሱን የቻለ ሲባል ያ በቀጥታ የሚሰጠው ሙሉ ፔል ይቀርበታል። ወላጅ አገር ቤት ሆኖ ገቢው በዶላር ትንሽ ከሆነ ልዩነቱ ይብሳል። የወላጅን መረጃ ማስገባት ለእነዚህ ልጆች ሸክም ሳይሆን ገንዘብ ነው።

ለጥገኛ ተማሪ ወላጅ የሚወስደው ፕላስ የሚባል ብድርም አለ፤ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ በዓመት 20,000፣ በጠቅላላው ለአንድ ልጅ 65,000 ዶላር ጣሪያ ተበጅቶለታል። ወላጅ በክሬዲት ታሪኩ ምክንያት ፕላስ ከተከለከለ ልጁ ጥገኛ እንደሆነ ራሱን በቻለው ተማሪ መጠን ይበደራል። ዜጋም፣ ግሪን ካርድ ያለውም፣ ሌላ ብቁ ሁኔታ ያለውም ያልሆነ ወላጅ ፕላስ መውሰድ ስለማይችል፣ ወላጁ ኢትዮጵያ ያለ ተማሪ ይህን ተጨማሪ ብድር ከፋይናንሻል ኤድ ቢሮው በግልጽ ይጠይቅ። ሳይጠየቅ የሚሰጥ ቢሮ ጥቂት ነው።

ስለ ግል ኮሌጆች አንድ ነገር። ብዙዎቹ ከፋፍሳ በተጨማሪ ኮሌጅ ቦርድ የሚያዘጋጀውን ሲ ኤስ ኤስ ፕሮፋይል ይጠይቃሉ። ያ የራሳቸውን ገንዘብ ለማከፋፈል ነው፤ ማን ራሱን እንደቻለ የሚወስኑትም በራሳቸው ደንብ ነው። ፋፍሳ ራሱን የቻለ ያለውን ተማሪ የወላጅ መረጃ አምጣ ሊሉት ይችላሉ፤ የተፋታውን ሌላኛ ወላጅም ሊጠይቁ ይችላሉ። ቲ ፒ ኤስ የሚባለው ጊዜያዊ የመቆያ ጥበቃ ያለው ተማሪ ደግሞ በዚያ ብቻ የፌደራል እርዳታ አያገኝም፤ ካሊፎርኒያ፣ ዋሽንግተን ስቴትና ሜሪላንድ ለእንዲህ ያሉ ተማሪዎች የየራሳቸው የስቴት ማመልከቻ አላቸው።

ሐሰት መሙላት ቀልድ አይደለም። ሆን ብሎ የተሳሳተ መረጃ የሰጠ እስከ 20,000 ዶላር ሊቀጣ፣ ሊታሰርም ይችላል፤ የወሰደውንም ይመልሳል። በየዋህነት የተሳሳተ ግን ገብቶ ያርማል፣ ምንም አይሆንም።

የ2026–27 ፋፍሳ የፌደራል ቀነ ገደብ ጁን 30 ቀን 2027 ነው። በዚያ አትተማመኑ፤ የስቴቶችና የኮሌጆች ቀን እጅግ ቀድሞ ያልፋል፣ የካሊፎርኒያው በተለምዶ ማርች 2 ነው። ምደባው በየዓመቱ እንደ አዲስ ነው የሚታየው። በዓመቱ መካከል ልጅ ከተወለደ ወይም የሞግዚትነት ትእዛዝ ከወጣ ማመልከቻው ላይ መታረም አለበት። ያልተለመደ ሁኔታ ተፈቅዶለት ወደ ሌላ ኮሌጅ የሚዛወር ተማሪ ደግሞ አዲሱ ኮሌጅ እንደ ገና ስለሚያየው የቀድሞው ቢሮ ውሳኔውን በጽሑፍ እንዲሰጠው ከመውጣቱ በፊት ይጠይቅ፤ አዲሱ ቢሮ ያን ወረቀት እንደ ማስረጃ መቀበል ይችላል።